ስማኝ እና ሳመኝ

ልጆቼ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ በአንዲት «አዎ» የደረሰባትን ላጫውታችሁ።

አንድ ዘፋኝ ገና ስም ሳይኖረው የመድረክ ኮቱን ሊያስጠብብ ሱቋ ገባ። እሷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ሰው መግባቱን ሳታይ ታንጎራጉራለች።

«የማን ዜማ ነው?»

ክው አለች። «የእናቴ ነው። ዝም ብሎ የቤት ነገር።»

«‹ሳመኝ፣ ሳመኝ› ነው የሚለው?»

አልነበረም። «ስማኝ፣ ስማኝ ልጄ» ነው። ዜማው ከአያቷ የመጣ እሹሩሩ ነበር። ታናሽ ወንድሟ በትኩሳት ራሱን የሳተ ጊዜ ግን እናቷ በዚያው ዜማ «ስማኝ» እያለች ስትጠራው አደረች። ልጁ አልሰማትም።

የመኪናው ድምፅ ቃሉን አጣሞበታል። ልታርመው ስትል ቀና ብሎ አያት። «ሳመኝ» ያለበት አፉ እንዴት ያምራል! ጉንጯ እሳት ሆነ።

«አዎ» አለች።

ከዚያ ወዲህ የኮቱ ቁልፍ በወደቀ ቁጥር ይመጣል።

«ደሞ ወደቀ?»

«ምን ላድርግ፣ ኮቱ ለመደሽ!»

ተዋደዱ። ዜማውንም አስፈቅዷት ሠራው፤ ከበሮ ጨመረበት፣ ቃሉን ለሴት አደረገው። «ሳሚኝ፣ ሳሚኝ» ታክሲውን፣ ፀጉር ቤቱን፣ ሠርጉን ሁሉ ሞላው። እሷም መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮራች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የጎረቤት ልጃገረዶች በረንዳ ላይ ይጨፍሩበታል። እናቷ መስኮቱን ዘግታ ተቀምጣለች።

«ይቺ ዜማ ከቤቴ መቼ ወጣች፣ ልጄ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ወጥታ በቀጥታ ዘፋኙ ጋ ሄዳ ሁሉን ነገረችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«በሞተ ልጅ ነው ያስጨፈርኩት? ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ስትሳሳት... ደስ አለኝ።»

ኮቱን አንሥቶ ለበሰ። «ተነሺ፣ እንሂድ» አለ። እጇን ግን አልያዘም።

እናቷ እግር ሥር ተንበረከከ። «እማማ፣ አላወቅኩም። ዘፈኑን አስቆመዋለሁ።»

«እሱ አላጠፋም፣ እማዬ። እኔ ነኝ» አለች ልጅቱ። «ቃሉን አውቄ ነው ያላረምኩት።»

እናቲቱ ልጇን አየች፤ እሱንም አየች። እንደተዋደዱ ገባት።

«‹ሳሚኝ› ትላለህ አንተ! ነፍሱን ይማርና ልጄ ግን ሲስሙት ጉንጩን በእጁ ይጠርግ ነበር።» ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ። «የወጣ ዘፈን ማን ይመልሰዋል? ተነሥ። አንድ ጊዜ ብቻ በትክክሉ በልልኝ።»

ያለ ከበሮ፣ በቀስታ፣ «ስማኝ» አለላት።

ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው። ያ ዘፈን የትም ሲከፈት ግን ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ትደፋለች። ባሏም ሄዶ ድምፁን ይቀንስላታል።