የሻይ ካርቶኑ

«የኋላ አግዳሚ፣ ባልዲ እያነሳችሁ ውጡ» አሉ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው።

ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው። ማንበብ የማይችሉት አምስቱ ውሃ ቅዱ ተብለው ወደ ሐይቁ ይላካሉ፤ እንግዳው ሳይሄድም አይመለሱም። መዝገብ ላይ ከስማቸው ጎን «ዘገምተኛ» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ዌዚ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ከእነሱ አንዷ ናት፤ አሁን ስድስተኛ ደርሳለች። ፊደል ዐይኗ ላይ አይረጋም፤ አንዱ መስመር ከሌላው ይደባለቅባታል።

ባልዲዋን አነሳች።

«ዌዚ ትቆያለች» አሉ መምህርት ምሃንጎ። «ዛሬ የምታነበው እሷ ናት።»

ርዕሰ መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መምህርት፣ በዛሬው ቀን እንኳ አያዋርዱን።»

ምሃንጎ ወደ ዌዚ ዞሩ። «አንቺ ወስኚ።»

መምህርቷ ለዚህ ትምህርት ቤት አዲስ ናቸው። በመጡ በሳምንታቸው የሻይ ካርቶን ቆርጠው፣ መሐሉን በአንድ መስመር ልክ ቀደው ለዌዚ ሰጧት። «በየቀኑ አምስት መስመር። ቢከፋሽም አምስት፣ ደስ ቢልሽም አምስት» አሏት። ዌዚ ሰባት ወር ሙሉ ከቤታቸው ደጅ ባለው የዓሣ ማስጫ ሥር ተቀምጣ፣ የተሰጣው ዓሣ አንድ ፊቱ እስኪደርቅ በየቀኑ አነበበች። በቀዳዳው ውስጥ መስመሩ ብቻውን ይሆናል፤ አይሸሽም።

ግን ካርቶኑን ለማንም አላሳየችም። ለቴምዋ እንኳ። ቴምዋ አጠገቧ የምትቀመጥ፣ እንደ እሷ ፊደል የሚያምታታት ጓደኛዋ ናት። ባለፈው ወር ማስጫው ላይ አግኝታው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላት ነበር።

«ዝንብ ማባረሪያ።»

«ተቀዶ የለ እንዴ? ዝንቡ በመሐል ያልፋል እኮ» ብላ ሳቀች ቴምዋ። ዌዚም አብራት ሳቀች። ያን ቀን አምስቱን መስመር አላነበበችም።

አሁን ቴምዋ ባልዲውን ከእጇ ወሰደችላት። «አምጪ፣ የአንቺንም እኔ እይዛለሁ። ምናልባት በባልዲ አንደኛ እወጣ ይሆናል።»

ዌዚ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ቆየች።

ተቆጣጣሪው ገብተው ተቀመጡ። ዌዚ ተነሥታ ያለ ካርቶኑ ጀመረች። ሁለተኛው መስመር ላይ ቃላቱ ተራወጡባት። «ውሃው ይሻላት ነበር» አለ አንድ ልጅ በሹክሹክታ። ያኔ እጇን ዩኒፎርሟ ኪስ ከተተች። ካርቶኑ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ስታወጣው ክፍሉ ሳቀ። ፊቷ ጋለ። መጽሐፉ ላይ አስተኛችው።

አምስት መስመር አነበበች። ስድስተኛውንም። ሳቁ የት ላይ እንደቆመ አላወቀችም።

«ጎበዝ፣ ተቀመጪ» አሉ ተቆጣጣሪው።

አልተቀመጠችም። አጠገቧ ያለውን የቴምዋን ባዶ ቦታ አየች።

«መምህርት፣ ልውጣ?»

«ወዴት?»

«ወደ ሐይቁ። ሌሎቹ ውሃ እየቀዱ ነው።»

«እነማን ናቸው ሌሎቹ?» አሉ ተቆጣጣሪው።

ርዕሰ መምህሩ ጫማቸውን አዩ። ምሃንጎ በሩን ከፈቱላት።

ቴምዋን ያገኘቻት ዳገቱ መሐል ነው፤ አንዱ ባልዲ ራሷ ላይ፣ ሌላው በእጇ። ዌዚ የእጇን ተቀብላት መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ ካርቶኑን ዘረጋችላት።

«የዝንብ አይደለም» አለቻት። «ዋሽቼሽ ነው።»

ቴምዋ ካርቶኑን አየችው፤ እሷንም አየቻት። ራሷ ላይ ያለውን ባልዲ አወረደችና እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።