የታመሙ ደጋኖች ቤት

ተራሮቹ ደመናን እንደ ነጠላ በሚያጣፉበት በአርማድ መንግሥት አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፤ የተወጠረ ደጋን አይፈታም። የንጉሡን ቅድመ አያት ጠላት የደረሰባቸው ደጋናቸውን ፈትተው፣ ምሳቸውን በልተው፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው ነው ይባላል። ከዚያን ቀን ወዲህ «ደጋኑን የፈታ ሹም ከሹመቱ፣ ደጋኑን የፈታ ንጉሥ ከዘውዱ ይውረድ!» የሚል ቃል በዐለት ላይ ተቀረጸ። ስለዚህ የአርማድ ቀስተኛ ደጋኑን እንደወጠረ ያርሳል፣ እንደወጠረ ይበላል፣ እንደወጠረ ይዳራል። ሙሽራዋ ምን እንደምትል ግን የጻፈ የለም።

ንጉሥ ናደው በነገሡ በሠላሳኛው ዓመት፣ ዘር ሊበተን አርባ ቀን ሲቀረው፣ የከበሮ በዓል ደረሰ። በዚያ ቀን ንጉሡ አንዲት ፍላጻ ወደ ሰማይ ይሰዳሉ፤ ከዚያ አዝንብ የተባለው የዝናብ ከበሮ ሰባት ጊዜ ይመታና ደመና ይሰበሰባል። ከበሮው ካልተመታ ዝናብ የለም፤ ይህን ከንጉሥ እስከ ገበሬ ሁሉም ያውቀዋል። ንጉሡ አባ ንቁ የተባለውን፣ ቁመቱ ሰው የሚያህለውን ደጋናቸውን ስበው ለቀቁ። ፍላጻው ሄደ፤ ያ መሄድ ከተባለ! ዘጠኝ ክንድ ያህል ተጉዞ የሊቀ ካህናቱ ጃንጥላ ላይ እንደ ደከመ ዝንብ አረፈ።

«ክፉ ምልክት ነው!» ብለው ሽማግሌዎች አፋቸውን ሳይገጥሙ ፀሐይዋ ጠቆረች። ነጎዴ መጣ። ይህ አውሬ ክንፉ ሁለት አውድማ የሚያለብስ፣ ደረቱ በቅርፊት የተለበጠ፣ እምቢ ባይ በተባለው ተራራ ላይ የሚኖር የአገር ጠላት ነው። ተወርውሮ ወርዶ አዝንብን በጥፍሩ አንጠልጥሎ ተነሣ። መቶ ቀስተኞች በአንድ ትንፋሽ መቶ ፍላጻ ለቀቁ፤ መቶውም መንገድ ላይ ቀረ። ሕዝቡ ወይኔ ብሎ ጮኸ።

ከሕዝቡ መሀል ትንግርት የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሥራዋ ክራር መጠገን ነው። እሷ አውሬውን ትታ የቀስተኞቹን ደጋን ስታይ ቆየችና እየተጋፋች ከንጉሡ ፊት ቀረበች።

«ጃንሆይ፣ ቀስተኞችዎ አልሰነፉም። የደከሙት ደጋኖቹ ናቸው!»

የቀስተኞቹ አለቃ ዳርጌ፣ ሆዱ ከጋሻው ቀድሞ የሚደርስ ግዙፍ ሰው፣ በሳቅ ፈነዳ። «እንጨት ይደክማል እንዴ? ነገ ደግሞ ድንጋይ ራበው በይና!»

«ክራር እንኳ ተጫውተው ሲጨርሱ ክሩ ይላላል፣ ጋሼ። ካልላላ እንጨቱ በዚያው ጎብጦ ይቀራል፤ ጉልበቱም ይሞታል። የእርስዎን ደጋን ይዩትማ! አውታሩ ቢፈታ እንኳ ቀና የሚል ይመስልዎታል? በሬስ ቢሆን ማታ ከቀንበር ይፈታ የለም ወይ?»

ዳርጌ ደጋኑን አየ። ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

«ፍቺልን እንዳንል ሕግ አለ» አሉ ንጉሡ በሐዘን። ያኔ አፈ ንጉሡ፣ በሕግ መጻሕፍት መሀል የሸበቱት ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጃንሆይ፣ ሕጉ ደጋን አይፈታም ይላል እንጂ አይታመምም አይልም። የታመመ ደግሞ በቃሬዛ ይወሰዳል፤ ሐኪም ቤት ውስጥ የሚደረግለትን ሕግ ገብቶ አያይም።»

«ጎሽ! የእኔስ አባ ንቁ?»

«የንጉሥ ደጋን አይታመምም፣ ጃንሆይ። እሱም ተጽፏል።»

ትንግርት ቀኝ እጇን አነሣች። «ዘር ከመበተኑ በፊት አዝንብን ባልመልስ ይህች እጄ ዳግመኛ ክራር አትንካ!» ብላ ማለች። ቀን ተቆረጠላት፤ ደጋኖቹን ለማዳን ሃያ ቀን፣ ለመንገዱ የቀረው።

በማግሥቱ ዐሥር ደጋኖች በቃሬዛ ተጋድመው፣ ጋቢ ለብሰው፣ በትንግርት እናት በእመት ሽታዬ ደጃፍ ደረሱ። በመንገድ ያገኛቸው ሁሉ ቆቡን እያወለቀ «ይማራችሁ» አለ። አንዲት ባልቴትማ አጥሚት ይዛ መጣች፤ አጥሚቱን ዳርጌ ጠጣው።

ያቺ ባለ አንድ ጓዳ ቤት ዕለቱን ተገለባበጠች። ትንግርት መጀመሪያ ዶሮዎቹን አስወጣች። ቀጥላ የጓዳውን በር ከነማጠፊያው ነቅላ፣ በሁለት ግንድ ላይ አጋድማ፣ ብርሃን በሚገባበት መስኮት ሥር የሥራ ጠረጴዛ አደረገችው።

«የጓዳዬን በር!» አሉ እመት ሽታዬ ደረታቸውን ይዘው። «ሰው ሲመጣ ሽሮዬ ሁሉ ሊታይ ነው?»

«ይታይ እማዬ፤ ሽሮሽ ምን ነውር አለበት?»

ከምድጃው ራቅ ባለው ግድግዳ ላይ ጥንድ ጥንድ ችካል መታች፤ ደጋን ጥግ ላይ ከቆመ በገዛ ክብደቱ ይጎብጣል፣ እሳት አጠገብ ከሆነ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሞረዱ፣ ወስፌውና ጉጠቱ ግድግዳው ላይ የየራሳቸው ቦታ ተሰጣቸው፤ በየቦታቸው ምስላቸውን በከሰል ሣለችላቸው፤ አንዱ ቢጠፋ ባዶ ጥላው «ሌባ!» ብሎ ይጮሃል። በረንዳው ላይ የቆዳ ሙጫ ተጣደ። ሽታው ሰፈሩን ሦስት ቀን አላስተኛም፤ እመት ሽታዬም በጎረቤት ፊት ቀና ብለው መሄድ አቃታቸው።

ከዚያ ሕክምናው ተጀመረ። አውታሩ ሲፈታ እንጨቱ እህ ብሎ እንደሚተነፍስ ሽማግሌ ድምፅ ያሰማል። ትንግርት እያንዳንዱን ደጋን በተልባ ዘይት አሸችው፤ ነበልባል በሌለው ፍም ላይ ቀስ አድርጋ አሞቀችው፤ ሲለሰልስ ቀጥ ባለ ግንድ ላይ አስራ ለቀናት አሳደረችው። አዳዲስ አውታር ከበሬ ጅማት ፈትላ በሰም አሸች። የሸንበቆ ፍላጻዎቹ በእመት ሽታዬ ድስት እንፋሎት ላይ እየተቃኑ ተሰለፉ። ላባ የማምጣቱ ሥራ የዳርጌ ሆነ። እሱም የቀኝና የግራ ክንፍ ላባ ደባልቆ ለጠፈና «እስቲ ልሞክራት» ብሎ ለቀቃት። ፍላጻዋ እንደ ሰካራም ዞራ ዞራ የጎረቤት ጣራ ላይ ተሰካች።

«ጋሼ ዳርጌ፣ የአንድ ፍላጻ ላባ ሁሉ ከአንድ ወገን ክንፍ ነው የሚሆነው!»

«ታዲያ ቀድሞ አይነገርም? እኔ የማውቀው ሲጠበስ ነው!»

በዘጠነኛው ቀን ግን ዳርጌ የሚያስቅ ነገር አልሠራም። ትንግርት ከገበያ ስትመለስ የገዛ ደጋኑን ከእስሩ ፈትቶ፣ መልሶ ወጥሮ፣ አቅፎት አገኘችው። የዘጠኝ ቀን ሥራ በአንድ ጊዜ ገደል ገባ። ልትጮህበት ነበር፤ ፊቱን ስታይ አልቻለችም። «ራቁቱን ሆኖ ሲታየኝ አላስችል አለኝ» አለ ያ ግዙፍ ሰው። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ማረፍ ውርደት እንዳልሆነ እንደ ሕፃን አስረዳችው፤ ከዚያ አብረው እንደገና ጀመሩ።

በዚህ መሀል ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ጸንቶ ነበር። ጎተራው እየጎደለ ሲሄድ በየቤቱ «ዘሩን እንብላው ወይስ እንጠብቅ?» የሚል ክርክር ተነሣ። እመት ሽታዬም የዘሩን እንስራ በጠረጴዛው ሥር አስቀምጠው፣ «ከዚህ እፍኝ ከመውሰዳችን በፊት ነይልኝ» አሏት። ትንግርት ሥራ በደከማት ቁጥር እንስራውን ታይና ሞረዷን ታነሣለች።

በሃያኛው ቀን ዳርጌ የዳነውን ደጋኑን ወንዝ ዳር ወስዶ ሳበ። ፍላጻው ወንዙን ተሻግሮ፣ ማሳውን ተሻግሮ፣ ማዶ ያለችው ዋርካ ላይ እስከ ላባው ገባ። ዳርጌ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ጉዞው ተጀመረ። ትንግርት፣ ዳርጌና ዘጠኝ ቀስተኞች ሲነሡ ንጉሡ በእግራቸው ተከተሉ። «ከበሮው የተነጠቀው ከእጄ ነው» አሉ፤ የሚመልሳቸው አልተገኘም። ጭቃው ሰው በሚውጥበት በሸለሞ ረግረግ አለፉ፤ ነፋሱ ስም እየጠራ በሚያባብልበት በጠሪ ሸንተረር አለፉ። በሰፈሩበት ሁሉ ትንግርት «ገና አላገገሙም» እያለች ደጋኖቹን ትፈታለች፣ ከጤዛ ትጠቀልላለች፣ አውታሩን በሰም ታሻለች። ንጉሡ ግን አባ ንቁን እንደወጠሩ ትከሻቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለው ያንቀላፋሉ። አንድ ቀን ምንጭ ላይ ሲታጠቡ ትከሻቸውን አየችው፤ ሠላሳ ዓመት ደጋን የተሸከመበት ሥፍራ ጎድጉዶ፣ አጥንቱ ራሱ ጎብጦ ነበር። ለዚህስ ዘይትም ፍምም የለኝም ብላ በልቧ አዘነች።

በሠላሳኛው ቀን እምቢ ባይ ጫፍ ደረሱ። አንድ የዐለት ድልድይ ብቻ ከተሻገረው ገደል ማዶ ነጎዴ አዝንብን ተንተርሶ ያንኮራፋል። ዐሥሩ ቀስተኞች ለቀቁ፤ ዐሥሩም ፍላጻ ገደሉን ተሻግሮ አውሬውን መታ፤ ግን ቅርፊቱን አልበሳም። ነጎዴ አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ አያቸው፤ መልሶ ጨፈነ።

«ናቀን!» አለ ዳርጌ። «በላን ቢል ይሻለኝ ነበር!»

ያን ቅርፊት የሚበሳ ኃይል ያለው ደጋን በአርማድ ምድር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከንጉሡ ትከሻ ላይ ነበር። ትንግርት ይህን ታውቃለች። እኚህን ሽማግሌ በመንገዱ ወድዳቸው ነበር፤ እንዴት ዘውድዎን ያውርዱ ትበላቸው?

«ልጄ» አሏት ንጉሡ፣ «ዐሥር ቀን ሙሉ አባ ንቁን በዓይንሽ ስታክሚው አይቻለሁ። ይድናል?»

«ሁለት ቀን ካረፈ፣ ጃንሆይ... አንድ ጊዜ ይስባል። እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቋል። ሁለተኛ አይስብም።»

«አንድ ጊዜ ይበቃል።»

«ጃንሆይ፣ ማንም አላየም! እኛ አንናገርም!» ብሎ ዳርጌ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ተው እንጂ! በውሸት የዘነበ ዝናብ ምን ያበቅላል?» ብለው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ድምፃቸው ገደሉን ሞላው። «እኔ የአርማድ ንጉሥ ናደው በዚህች ቀን ደጋኔን ፈታሁ! የፈታሁት ፈርቼ አይደለም፤ ሕዝቤ ዘሩን እንዳይበላ ነው። ተራራው ይስማ፣ እናንተም መስክሩ!» በገዛ እጃቸውም አውታሩን ከጫፉ አወጡት። ትንግርት እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ሥራዋን ጀመረች።

ሁለት ቀን አንድ ዋሻ የደጋን ቤት ሆነ። ፍም ተነጠፈ፣ ዘይት ተቀባ፣ ስንጥቁ በሙጫና በጅማት ተጠቀለለ፤ አዲስ አውታርም ተፈተለ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ንጉሡ አባ ንቁን ጆሯቸው ድረስ ሳቡ። ነጎዴ ለማዛጋት ክንፉን ሲያነሣ ለቀቁ። ፍላጻው ከብብቱ ሥር ገባ። አውሬው ተራራውን ያናወጠ ጩኸት ጮኾ ወደ ገደሉ ተንከባለለ፤ አባ ንቁም በንጉሡ እጅ ውስጥ ለሁለት ተሰበረ። አዝንብ በድልድዩ ዐለት ላይ እየተንከባለለ መጣ፤ ዳርጌ በሆዱ ተቀበለው።

ሌት ተቀን ገስግሰው ተመለሱና፣ ዘር ሊበተን አንድ ቀን ሲቀረው ከበሮው ሰባት ጊዜ ተመታ። በሰባተኛው ምት የመጀመሪያዋ ጠብታ የእመት ሽታዬ እጅ ላይ ወደቀች፤ እሳቸውም ሮጠው የዘሩን እንስራ አወጡ። አፈ ንጉሡ በዝናብ ውስጥ ቆመው ሕጉን እያለቀሱ አነበቡ። ሕዝቡ «ይቅር! ይሻር!» ቢልም ንጉሡ «በእኔ አይጀመርም» ብለው ዘውዱን ለእኅታቸው ለልዕልት ንጥር አስረከቡ። የእሷ የመጀመሪያ አዋጅ ግን ደጋን ሁሉ ሥራው ሲያበቃ ይፈታ የሚል ሆነ።

ከሳምንት በኋላ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ በትንግርት ደጃፍ ቆመው «ሥራ ይገኛል?» ሲሉ ተሰማ። ዳርጌ ደንግጦ ሞረዱን ጣለ። ትንግርትም ምን ብላ እንደምትጠራቸው ጠፋት። እመት ሽታዬ ግን ከጓዳ ብቅ አሉና፣ «ጋሼ ናደው፣ ምን ውጭ ያስቆምዎታል? ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ይመታዎታል!» አሏቸው። ሰውየው በዕድሜያቸው ጋሼ ተብለው አያውቁም ነበርና ፊታቸው በራ። ገብተው ሰምና ጨርቅ ተሰጣቸው። ሦስት አውታር በጥንቃቄ አሹ፤ አራተኛው ላይ ሲደርሱ በቀን ብርሃን፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ጋደም ብለው፣ እጃቸው ባዶውን ተዘርግቶ፣ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ወዲያው አንድ ገበሬ ደጋኑን በቃሬዛ አስይዞ ገባና አያቸው። «ማናቸው እኚህ?»

«አዲሱ ሠራተኛችን ናቸው» አለች ትንግርት በሹክሹክታ።

«በመጀመሪያ ቀናቸው ይተኛሉ እንዴ?»

«ሠላሳ ዓመት ቆመው ነው የመጡት» አለችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ደጋኑን ተቀበለችው።