እሳት ያላየው ወረቀት

መርማሪዋ ስትደርስ ቀማሚው ከማቅለጫው በርሜል ሥር ተንጋሎ ነበር፤ ፊቱን በጆንያ ሸፍነውለታል። ግድግዳው ላይ የተረጨው ፕላስቲክ ገና አልቀዘቀዘም።

ፋብሪካው ከኃይል ማመንጫ የተጣለ የከሰል አመድ ከቀለጠ ፕላስቲክ ጋር እያዋሃደ የግድግዳ ሰሌዳ ይሠራል። አመዱ በባልዲ ሆኖ ምድጃ ክፍል ካላደረ እርጥበቱ የፈላው ፕላስቲክ ውስጥ ይፈነዳል። ዛሬም የሆነው ይኸው ነው። ባዶው ባልዲ እጀታ ላይ ግን «ደርቋል» የሚል የታተመ ወረቀት ታስሯል።

አመድ አድራቂው ሽማግሌ በካቴና ታስረው ተቀምጠዋል።

«አሥራ አራት ዓመት አብሬው ሠርቼ ገደልከው ልባል? እጄ አመድ አፋሽ!»

«ወረቀቱን መቼ ያስሩታል፣ አባባ?»

«ምድጃ ሳይገባ ነዋ። ሲወጣማ ያቃጥላል፣ ማን ይነካዋል? ዛሬ ደግሞ ገና አንዱንም አላወጣሁም። ስመጣ አንድ ባልዲ በርሜሉ ጋ ቆሟል፤ ቀማሚው ራሱ ያወጣው መሰለኝ፤ እሱም እኔ ያወጣሁት መስሎት ይሆናል።»

«ገና ያልታሰሩት ወረቀቶችስ?»

«መስኮቱ ላይ ናቸው። ያሻው ያነሳል።»

መርማሪዋ ምድጃ ክፍሉን ከፍታ ያደሩትን ባልዲዎች አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ወደ ፋብሪካው ባለቤት፣ ወደ ሟች ታናሽ ወንድም ሄደች።

«ጠዋት ገና ሥራ ሳይጀመር ጭቅጭቅ ተሰምቷል።»

«ከወንድሜ ልጅ ጋር ነው። ‹ሳሉ እየገደለው ነው፣ አባዬን አሰናብትልኝ› አለችኝ። ሰሌዳ ያበላሸ ቀን አሰናብተዋለሁ አልኳት። ስቀልድ ነበር። እኔም እኮ በአድራቂነት ነው የጀመርኩት፤ አቧራውን አውቀዋለሁ።»

ልጅቷ ናሙና ፈታሽ ናት። ኩባያ በምታክል የሙከራ ማቅለጫዋ አጠገብ ተቀምጣ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«እርጥብ አመድ ምን ያደርጋል፣ እህቴ?»

«እዚህ ስሞክረው አረፋ ነው የሚያወጣው። ሰሌዳው ይበላሻል።»

«ምድጃ ክፍል ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«አባዬ መች ያስገባኛል? ‹የኔ ሳንባ ይበቃዋል፣ ያንቺን አይነካም› ይላል።»

ይላል አለች፤ ይል ነበር ማለት አልመጣላትም። መርማሪዋ ለአንድ አፍታ ነገሩን ትታ ልትወጣ አሰበች። ግን ሽማግሌው በካቴና ተቀምጠዋል።

ሁሉንም በርሜሉ ዙሪያ ሰበሰበቻቸውና ሁለት ወረቀት ዘረጋች።

«ይኼ ምድጃ ያደረ ነው፤ በሙቀቱ ጠይሞ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ይኼ የዛሬው ነው፤ ነጭ። ባልዲው እሳት አላየም ማለት ነው። አባባ ቢያታልሉ ያደረ ወረቀት ነበር የሚያዛውሩት። ባለቤቱም አድራቂ ስለነበሩ ያውቃሉ። ወረቀቱ መልኩን እንደሚለውጥ የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ ክፍል ገብቶ የማያውቅ።»

«እንደሚፈነዳ አላውቅም ነበር፤» አለች ልጅቷ። «በኩባያዬ አረፋ ብቻ ነው። አንድ ሰሌዳ ይበላሽና አባዬ ቤት ይግባልኝ ብዬ ነው። አጎቴ እንደዚያ ሲለኝ...»

አጎቷ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አድራቂው ካቴናው ሲፈታላቸው እጃቸውን እንኳ አላሻሹም፤ ሄደው ጸጉሯን ዳበሷት።

«ልጄ፣ ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

መርማሪዋ ካቴና አላሰረቻትም፤ ክንዷን ብቻ ይዛ ወጣች። መንገዳቸው በምድጃ ክፍሉ በኩል ነበር፤ በሩ ተከፍቶ ቀርቷል። ልጅቷ እዚያ ስትደርስ፣ አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዳስተማራት፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ሸፈነች።