ሎረታ የተኛችበት ትራም

ያን እሑድ ጠዋት ሎረታ ሁዳክ ቡናዋን በማንኪያ ፈንታ በእርሳስ ስታማስል እህቷ ያዘቻት።

«ሎሪ፣ በፈጣሪ! ለመጨረሻ ጊዜ የተኛሽው መቼ ነው?»

«እ?» አለች ሎረታ። እርሳሱን አውጥታ ላሰችውና ቡናውን ጠጣችው።

አባታቸው ኤሚል ሁዳክ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፒትስበርግ ውስጥ ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የማስታወስ ችሎታቸው እየከዳቸው ሄዷል። ሌሊት ይነሡና የሥራ ኮፍያቸውን ደፍተው ወደ በሩ ያመራሉ፤ ሎረታም ተነሥታ እያባበለች ታስተኛቸዋለች። ቀን ደግሞ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። በሠላሳ አምስት ዓመቷ ከእንቅልፍ ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበራትም፤ ለሰው የምትለው እንደዚያ ነው።

ታላቅ እህቷ ማርሊን ከአሪዞና የመጣችው ሁለቱንም ይዛ ልትመለስ ነው። ቅዳሜ ይነሣሉ። ማርሊን ክፉ ሴት አይደለችም፤ ችግሯ ሁልጊዜ ልክ መሆኗ ነው። ደረቁ አየር ለአባታቸው ደረት ይስማማል፣ ቤቷ ሰፊ ነው፣ ሎረታም ብቻዋን እያለቀች ነው። ሎረታ «እሺ» ያለቻት አምናባት ሳይሆን የመከራከር አቅም አጥታ ነው።

«እንግዲህ ዛሬ አባዬ ትራሞቹን ይሰናበት» አለች ማርሊን ኮቷን እየለበሰች።

ሎረታ የአባቷን ኮፍያ አነሣች። እሷ የምትሰናበተው ትራሞቹን ብቻ አልነበረም።

የትራም ሙዚየሙ ከከተማ ወጣ ብሎ ጫካ ዳር ነው። ድሮ ሠራተኛውን ወደ ፋብሪካ ያመላልሱ የነበሩትን ትራሞች በጎ ፈቃደኞች እየጠገኑ፣ እሑድ እሑድ ሰው ጭነው በአንዲት አጭር ሐዲድ እስከ ጫካው መጨረሻ ወስደው ይመልሳሉ። ሎረታ አባቷን እዚያ ማምጣት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የመጀመሪያው ቀን አዛውንቱ ሰተት ብለው ገብተው «ተነሥ፣ ቦታዬ ነው» ሲሉ፣ ነጂው ምንም ሳይቆጣ «እርስዎ ካሉማ ደወሉን ይደውሉልኝ» ብሏቸው ነበር። ነጂው ኦወን ነው። በሥራ ቀን የትምህርት ቤት ማሞቂያ ይጠግናል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጆሮው ቶሎ የሚቀላ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከበስተኋላው ያለውን ወንበር ለሎረታ ይይዝላታል። እሷ ታየዋለች፣ የእሱ ጆሮ ይቀላል። በሁለት ዓመት ውስጥ ያወሩት ሁሉ ቢጠራቀም ስለ ዝናብና ስለ ፍሬን ነው። ፍቅር ነው እንዳይባል ከሁለቱም አፍ አንድ ቃል አልወጣም፤ አይደለም እንዳይባል ደግሞ ሎረታ የቱንም ያህል ቢደክማት ቅዳሜ ማታ ፀጉሯን ሳትታጠብ አትተኛም።

«ቅዳሜ ልንሄድ ነው» አለችው ትራሙ ላይ ስትወጣ።

«ወዴት?»

«አሪዞና። ጠቅልለን።»

ኦወን ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው። «ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «አሪዞና… ይሞቃል።»

«ይሞቃል አሉ።»

ተቀመጡ። ማርሊን ወደ እህቷ ጆሮ ጠጋ አለች። «ይሄ ነው እንዴ?»

«ምኑ?»

«ማታ ፀጉር የሚያሳጥብሽ።»

«ማርሊን፣ አፍሽን ያዢ።»

ትራሙ እየተንገጫገጨ ጫካው ውስጥ ገባ። ኤሚል ሁዳክ በየመታጠፊያው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ኦወን ጥሩ ሲነዳ ደስ ይላቸዋል፣ ያን ቀን ግን አልተደሰቱም። ኦወን ሁለቴ ፍሬኑን ያለ ቦታው ያዘ።

ትራም ፊትና ኋላ የለውም። የሐዲዱ መጨረሻ ሲደርስ ነጂው የሚነዳበትን የነሐስ እጀታ ነቅሎ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ጣሪያው ላይ ትራሙን ከኤሌክትሪክ ሽቦው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ በገመድ ስቦ ያወርድና በወዲያኛው በኩል ያለውን ያነሣል። ተሳፋሪውም ተነሥቶ የየወንበሩን መደገፊያ ይገለብጣል፤ የኋላው ፊት ይሆናል። ኦወን ይህን ዓይኑን ጨፍኖ ያደርገዋል። ያን ቀን ግን «ጠቅልለን» የሚለው ቃል ራሱ ውስጥ እየዞረ፣ እጀታውን እንደተሰካ ትቶት ገመዱን ሊስብ ወረደ። ለትራም ነጂ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም።

ኤሚል ሁዳክ አዩት። እጀታ ትቶ በሚወርድ ነጂ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ሲቆጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ተነሡ፣ ነቀሉት፣ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በበሩ ወርደው ጫካው ዳር ባለችው የእንጨት መጠለያ ሥር ቁጭ አሉ፤ ሥራ ጨርሶ እንደሚያርፍ ሰው።

ኦወን ተመልሶ የእጀታውን ባዶ ቦታ ሲያይ ጆሮው ብቻ ሳይሆን አንገቱም ቀላ።

ማርሊን ወደ አባቷ ሄደች። «አባዬ፣ እጀታውን ስጠው።»

«አንቺ ማነሽ?»

«ማርሊን ነኛ! ልጅህ!»

«ልጅም ብትሆኚ እጀታ ለተሳፋሪ አይሰጥም።»

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ማርሊን አልሳቀችም። ወደ ሎረታ ዞራ ዝግ ባለ ድምፅ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለቻት።

«ዛሬ ደኅና ነው» አለች ሎረታ።

«ተዉአቸው፣ ትንሽ ይረፉ» አለ ኦወን። ማርሊን አባቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ተሳፋሪዎቹም ሳንድዊቻቸውን መፍታት ጀመሩ። ሎረታ ከትራሙ ጀርባ ሄዳ ግድግዳውን ተደገፈች። ኦወን ተከትሏት መጣና ሐዲዱን እያየ ቆመ።

«እኔ ቤት ከታች አንድ ክፍል አለ» አለ። «ደረጃ የለውም።»

«እና?»

«መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የእጅ መያዣ ብረት ገጥሜበታለሁ። ሰው እንዳይወድቅ። የውጭው በርም ሲከፈት እንዲያቃጭል አድርጌዋለሁ፤ ሌሊት የሚነሣ ሰው ካለ ብዬ።»

ነገሩ እስኪገባት ድረስ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«መቼ ነው ይሄን ያደረግከው?»

«ባለፈው ገና ሰሞን።»

«አንድ ቡና እንኳ ሳትጋብዘኝ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብረት ገጠምክ?»

«ልጋብዝሽ ባልኩ ቁጥር ደክሞሽ አይሻለሁ።»

ሎረታ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተበላሸና እንባ ሆነ። በእጅጌዋ ጠራረገችው።

«እወድሻለሁ» አለ ኦወን። «ከብረቱ በፊት ማለት የነበረብኝ ይሄን ነው መሰለኝ።»

«ኦወን፣ ስማኝ። በጣም ደክሞኛል። እንዲህ ደክሞኝ የሚሰማኝን አላምነውም። አንተን ወድጄህ ይሁን፣ ወይስ ሌላ ሰው በሩን ጠብቆልኝ መተኛት አምሮኝ፣ መለየት አቅቶኛል። ዋሽቼህ ቤትህ አልገባም።»

ሌላ ወንድ ቢሆን ይቀየም ነበር። ኦወን ጥቂት አሰበበት።

«እንግዲያው መጀመሪያ ተኚ» አላት።

ከዚያ ወደ መጠለያዋ ሄደና ከኤሚል ሁዳክ ፊት ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። «ሚስተር ሁዳክ፣ ተረካቢዎ ነኝ።»

አዛውንቱ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ዘግይተሃል።»

«አዎን ጌታዬ፣ ዘግይቻለሁ።»

«ፍሬኑ ዛሬ ይነክሳል። ቁልቁለቱ ላይ ቀስ በል።»

«ቀስ እላለሁ።»

እጀታውን ከኪሳቸው አውጥተው በእጁ አስጨበጡት። ማርሊን ፊቷን ወደ ጫካው አዞረች።

ሲመለሱ ሎረታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ መታጠፊያው ጋ ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰዳት። የቀረውን ኋላ ነው የነገሯት። ጣቢያው ሲደርሱ ማርሊን ልትቀሰቅሳት ጎንበስ ስትል፣ ኦወን «ተያት፣ ሌላ ዙር ትሂድ» አላት።

«ይፈቀዳል እንዴ?»

«አይፈቀድም።»

ማርሊን እህቷን ቁልቁል አየቻት። አፏን ከፍታ፣ ራሷን መስታወቱ ላይ ጥላ የተኛች ሴት። ስካርፏን አጥፋ ከራሷ ሥር አደረገችላትና የአባቷን ክንድ ይዛ ወረደች።

ሎረታ ስትነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ትራሙ እንደገና የሐዲዱ መጨረሻ ላይ ቆሟል፤ ተሳፋሪዎቹ ወርደዋል፤ ኦወን የወንበሮቹን መደገፊያ አንድ በአንድ እየገለበጠ ወደ እሷ ይመጣል።

«ስንተኛው ዙር ነው?»

«እንጃ። ወንበርሽን መገልበጥ ስላልቻልኩ ግማሹን መንገድ ወደ ኋላ ነው የሄድሽው።»

«አባዬስ?»

«ከእህትሽ ጋር ሾርባ እየጠጡ ነው። እህትሽ ‘የቅዳሜውን ጉዞ ስትነቃ ምን እንደምትል ሰምቼ ነው የምወስነው’ ብላሻለች።»

«ማርሊን? የኔዋ ማርሊን?»

«ሳልሳሳት እንድነግርሽ አስደግማኛለች።»

ሎረታ ራሷን አዳመጠች። ድካሙ አልሄደም፤ የዓመታት ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ አይሄድም። ዛሬ ማታም አባቷ ኮፍያቸውን ፍለጋ ይነሣሉ። ግን ድካሙ ትንሽ ገለል ብሏል፤ ከበስተኋላው የነበረውን ነገር አሁን ማየት ትችላለች። ኦወንን አየችው። ዘይት የነካው እጁን፣ ያለቅጥ ረጅሙን ክንዱን፣ ከአሁኑ መቅላት የጀመረውን ጆሮውን።

«ተኛሁ» አለችው።

«አየሁሽ።»

«አሁንም እወድሃለሁ።»

ኦወን ወርዶ ገመዱን መሳብ ነበረበት፤ ተሳፋሪዎቹም ተመልሰው በሩ ላይ ቆመዋል። እሱ ግን ከጎኗ ተቀመጠና እጇን ያዘ፤ በሩ ላይ ከቆሙት አንዲት ባልቴት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ከኋላ ያሉትን ዝም አሰኙ።