ለካይ የተነገረ ምክንያት

በቬትናሞች አቆጣጠር የእባብ ዓመት ተሟጦ የፈረስ ዓመት ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በፈረንጆች 1954 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በድየን ቢየን ፉ ዙሪያ ያሉት ተራሮች ጉም ለብሰው ዋሉ፤ የፈረንሳይ አውሮፕላኖች ማየት ስለተሳናቸውም የሻምበል ንዬም ጭፍራ መድፉን በቀን ብርሃን ለመጎተት ቻለ። ያን መድፍ የፈረንሳዮችን ምሽግ ሊደበድቡበት በክንዳቸው ጎትተው ተራራውን አሻግረው ነበር፤ አሁን ደግሞ መልሳችሁ አውጡት ተባሉ።

ዶዋን የተባለ ወታደር ገመዱን ጥሎ መንገድ ዳር ተቀመጠ።

«ና ሲሉን መጣን፣ ሂዱ ሲሉን ልንሄድ! ጋሪ ጎታች ጎሽ ነን እንዴ?»

«ጎሽስ ካንተ ይሻላል፣ አይነጫነጭም!» አለው አንዱ። ሳቁ፤ ነገር ግን ገመዱ በብዙ እጅ ላይ ላላ።

የፖለቲካ ኃላፊው ታክ ወደ ሻምበሉ ጠጋ አለ። «ጓድ ሻምበል፣ ይሄ በሽታ ይጋባል። በስብሰባ ፊት ራሱን ይውቀስ፤ እምቢ ካለ ከጭፍራው ይባረር።»

ንዬምን ግን ነገሩ ገረመው። መድፉ ሲገባ እያዜመ ያስጎትት የነበረው ይኸው ሰው ነበር፤ ያን ድምፅ ምን ዘጋው? ሄዶ አጠገቡ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

«ደክሞህ ነው?»

«አይደለም።»

«ፈርተህ?»

«የፈራ ሰው እዚህ ድረስ ምን ያመጣዋል?» ዶዋን በአገጩ ወደ ቁልቁለቱ አመለከተ። «ካይ እዚያ ነው።»

ካይ የዶዋን የመንደር ልጅ ነበር፤ መድፉ ሲገባ ተንሸራቶ ገደለው፤ እዚያው ቀበሩት።

«ዛሬ ሰው ሁሉ ሙታኑን ለበዓል ማዕድ ይጠራል፣ የዓመቱን ወሬ ይነግራቸዋል። እኔ ምን ልበለው ጓድ ሻምበል? መድፉን መለስነው፣ በከንቱ ሞትክ ልበለው?»

ንዬም ምክንያቱን ያውቅ ነበር፤ ለጭፍራው የነገረው ግን ትእዛዙን ብቻ ነው። ታክ «አጉል እምነት!» እያለ ቢያጉረመርምም፣ ንዬም ጭፍራውን ሁሉ ይዞ ወደ ካይ መቃብር ወረደ፤ ቀዝቃዛ ሩዝ በቅጠል አኖረ፤ እሳት ክልክል ነበርና አንድ የዕጣን ዘንግ ሳይለኩስ ሰካ።

«ወንድሜ ካይ፣ ቸኩለን ነበር። ምሽጋቸው ካሰብነው በላይ ጠንክሯል፤ መድፋችን ደግሞ ገላጣ ላይ ነበር። ተኩስ ብንከፍት ኖሮ ይሄ ሁሉ ሰው ካንተ ጎን ይተኛ ነበር። መድፉን የምናወጣው የተከለለ ስፍራ አዘጋጅተን ልንመልሰው ነው። ቀደም ብዬ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።»

ዶዋን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«ጓድ ሻምበል፣ ንግግር አበዙ። ካይ ሆዳም ነው፤ ይብላበት እንጂ!»

ሳቅ ሆነ። ዶዋን ሽቅብ ወጥቶ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ዜማ አላነሳም፤ ዝም ብሎ ጎተተ። ከኋላው ያለው ገመድ ተወጠረ።

የታሪክ ጸሐፊዎች ያን ማፈግፈግ ከወራት በኋላ ፈረንሳዮች ለተሸነፉበት ድል መነሻ ነው ብለው ጻፉ፤ ማን እንዳዘዘው፣ ለምን እንዳዘዘው መረመሩ። ትእዛዙን በትከሻቸው ለተሸከሙት ማን እንዳስረዳቸው ግን የጠየቀ የለም፤ ቢጠይቅም በዚያ ተራራ ላይ ምክንያቱ በስሙ ተጠርቶ የተነገረው ሰው ከመሬት በታች ነበር።