የኩመራ ተራ

ብዋሽ ዓይኔ ይጥፋ። ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

ጥር 1946 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት... በጠራራ ፀሐይ። ከመቱ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ፣ የአንድ የሞቱ ጌታ ግንብ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ኩመራ የግንቡ ዘበኛ ነው። እንግዳ ሲመጣም ያስጎበኛል። በጣም ከስቶ ስለነበር ሥራውን እንዲተው ልለምነው ሄጄ ነው።

ያን ቀን ከአዲስ አበባ ለመጡት ለእትዬ ሀረገወይን አዳራሹን፣ እልፍኙን፣ እስር ቤቱን እያሳየ ነበር።

«ማን ሠራው?» አሉት።

«ጌታው ናቸው የሠሩት፣ እትዬ።»

ደሜ ፈላ። አሠሩት እንጂ! አንዲት ጠጠር አላነሱም።

የሠሩት ገባሮች ናቸው። የጉልበት ተራው የኩመራ ነበር። ገና ልጅ ነው ብሎ አባታችን አብደታ በእሱ ስም ሄደ። የሥራው አለቃ «ኩመራ አብደታ!» ብሎ ሲጠራ፣ «አቤት!» የሚለው አባታችን ነበር። ግንቡ ተናደበት። ሬሳውን ሳያወጡ በላዩ ገነቡ። እኔ ያኔ ጡት አልጣልኩም።

ጠላት ከወጣ በኋላ ገባርነት ቀረ ተባለ። ለግንቡ ግን የነገረው የለም።

እትዬ ሀረገወይን ወደ ሰገነቱ ወጡ። እኔና ወንድሜ በሩ ላይ ቀረን።

«ኩመራ አብደታ!»

ድምፁ የመጣው ከባዶው አዳራሽ ነው...

«አቤት!» አለ ግድግዳው።



«ሰማህ ዲንቃ?» አለ ወንድሜ በሹክሹክታ። «በየቀኑ ይጠሩኛል። አባባ ነው የሚመልስልኝ።»

«እንሂድ፣ ጋሼ!»

«ኩመራ አብደታ!»



በ«አቤት» ፈንታ ከግድግዳው ውስጥ ሳል ተሰማ። የደከመ ሰው ሳል።

«ኩመራ አብደታ!»

ክንዱን ጨመደድኩት። «ስሞትልህ አትመልስ!»

ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። እያለቀሰ ነበር።

«ተራው የኔ ነበር» አለ። ከዚያ ጮኸ።

«አቤት!»

ገባ። እኔ ደጁ ላይ ደርቄ ቀረሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የድንጋይ ድምፅ ሰማሁ...

ትንሽ ቆይቶ ከአዳራሹ ሰው ወጣ።

ወንድሜ አይደለም። ጭቃ በጭቃ የሆነ፣ ባዶ እግሩን፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ሰው ነው። መልኩ ቁርጥ እኔን።

ፀሐዩን በእጁ ከልሎ አየኝ። አላወቀኝም።

«ኦቦ» አለኝ፣ እንደ ታላቁ አክብሮ። «ልጄ ኩመራ... በደኅና ቤቱ ገባ?»