ብርድ ያልነካው ደም

ሬሳውን ያገኘው ዘበኛው ነው። ጠዋት የደም ላብራቶሪውን የበረዶ ክፍል ወፍራም በር ቢከፍት፣ ዶክተሩ ጉልበቱን አቅፎ ከበሩ ሥር ተቀምጧል፤ ቅንድቡ አመዳይ ለብሷል። በሩ ከውስጥ የሚከፈትበት እጀታ ተፈትቶ ተወስዷል። ምስኪን! ጣቶቹ እስኪላጡ ድረስ ብረቱን ቧጥጦታል።

መርማሪው ጉንፋን የያዘው ወፍራም ሰው ነበር። እንደገባ የላብራቶሪውን በር ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተው። «ነገሩ ሳይለይ ማንም አይወጣም» አለና አስነጠሰ።

መስኮቷ በማይከፈት በዚያች ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ቀሩ፤ ዘበኛው፣ የዶክተሩ ምክትል እና የዶክተሩ የእህት ልጅ። ልጅቷን አጎቷ «ቅንጣት» ይላት ነበር፤ ስሙን ያወጣላት ከሥራቸው ነው። ደምን የሚያረጉት ፕላትሌቶች ሲቆጡ ከላያቸው ቅንጣት ያራግፋሉ፤ እነዚህ ሰዎች ያንን በዓይን የማይታይ ነገር በሌዘር ማሽን ሲቆጥሩ ይውላሉ። ቅንጣቱ የበዛበት ሰው ደሙ ሥሩ ውስጥ ሊረጋበት ይችላላ!

ቅንጣት ማልቀስ እንኳ አቅቷታል። እጀታው የተፈታበት ካቻቪቴ የተገኘው ከእሷ መሳቢያ ነው። ትናንት ስትጮህ ደግሞ ሁሉም ሰምቷታል።

«ምን ነበር ያለችው?» አለ መርማሪው።

ዘበኛው መሬት መሬት አየ። «ኧረ ተወኝ ጌታዬ፣ ልጅ ተናዳ የተናገረችውን...»

«አባባ፣ ይንገሩኝ።»

«‹እዚህ ታፍኜ አልሞትም!› አለች። ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታ አለቅሽም ብሏት ነው።»

ታፍኜ! ቃሉ ተመልሶ በራሷ ላይ መሰከረባት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያበቃትን ሰው ገደለች ልትባል ነው። ዓይኗ ወደ ተቆለፈው በር ሄደ፤ እሱም ገና የመጀመሪያው በር እንደሆነ ታወቃት።

«ትናንት ከምሳ በኋላ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«የአጎቴን ደም ቀዳሁ። ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ሰው ደም ስለሚያስፈልገን በየቀኑ በተራ እንሰጣለን። እየተጣላን ክንዱን ዘረጋልኝ። በአንድ መርፌ ሁለት ቱቦ ሞላሁ፤ አንዱን እኔ ወሰድኩ፣ አንዱን ምክትሉ። አጎቴም እንደ ልማዱ ‹ይሄን ደም ብርድ እንዳታስነኪብኝ› ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

«ብርድ ምን ያደርገዋል?»

ምክትሉ ቀደማት። «ፕላትሌት ብርድ አይወድም ጌታዬ። ደሙ በማሽን ተሽከርክሮ ውሃው ሳይለይ ከቀዘቀዘ የሌለ ቅንጣት ይፈጠራል፤ ቆጠራው ውሸት ይሆናል። ቱቦውን በጋዋናችን ኪስ ይዘን የምንዞረው ለዚህ ነው።»

«እርስዎም?»

«እንዴታ! ከእጇ ከተቀበልኩ ጀምሮ እስካሽከረክረው ድረስ ከኪሴ አልወጣም። እኔም ከማሽኑ ክፍል ንቅንቅ አላልኩም፤ ይኸው ማሽኑ ሰዓቱን መዝግቧል፣ ምስክሬ ነው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ቅንጣቱ ከልክ በላይ ሆነብኝ። በንዴት እጇ እየተንቀጠቀጠ ቀድታው ደሙን አበላሸችው። ልቧ ውስጥ ምን እንደነበረ እንግዲህ እሷ ታውቃለች» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

መርማሪው አፍንጫውን ጠረገና ከትናንት የተረፉትን ሁለት ቱቦዎች አስመጣ። ጎን ለጎን ወደ መብራቱ ይዞ ሲያያቸው ቆየ። ከዚያ ብቻውን ወጥቶ፣ ከውጭ ቆልፎባቸው ወደ በረዶ ክፍሉ ሄደ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ ተመልሶ ሲገባ። «እኔ ስለ ደም የማውቀው እንደሚፈስ ብቻ ነው። ዓይን ግን አለኝ። ደሙ ከታች ዘቅጧል፤ ከላይ ያለውን ውሃ እዩት። የልጅቷ ቢጫ ነው፣ የምክትሉ ቀይ። ለምን?»

«አልኩዎት እኮ፣ አቀዳዷ...»

«አቀዳዷ ቢሆን ሁለቱም ይበላሹ ነበር። አንድ ክንድ፣ አንድ መርፌ፣ አንድ እጅ! ልጄ፣ ያንቺ ቱቦ ቆጠራ ስንት መጣ?»

«ትንሽ። እንደ ጤነኛ ሰው።»

«ውሃውንስ ምን ያቀላዋል?»

«በረዶ ከሆነ...» ቀዩን ቱቦ ጠጋ ብላ አየችው። «በረዶ ከሆነ ቀይ ሕዋሶቹ ይፈነዳሉ። ፕላትሌቶቹም ይሰባበራሉ፤ ቅንጣቱ ያኔ ይበዛል።»

«ጥግ ያለችው ትንሿ ፍሪጅ እንዲህ ታደርጋለች?»

«አታደርግም። ደም በረዶ የሚያደርግ እዚህ ቤት ያ ክፍል ብቻ ነው።»

መርማሪው ወደ ምክትሉ ዞረ። አንቱታው እዚህ ላይ አበቃ። «በሩ ላይ አንድ ብሎን ቀርቷል፤ በረዶ ይዞት ራሱ እስኪላጥ ታግለኸዋል። አንተ ከብሎን ስትታገል ቱቦው ኪስህ ውስጥ በረዶ ሆነ። ከዚያ ሰውዬውን ጠርተህ ዘጋህበት፤ ካቻቪቴውንም በልጅቷ መሳቢያ ከተትክ። ማሽኑ እንዲመሰክርልህ የግድ መቁጠር ነበረብህ፤ ያለህ ደም ደግሞ ያው ነው። የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ጣልክ።»

«ምናልባት... ምናልባት ቱቦውን ረስቼ የሆነ ቦታ...»

«ከኪሴ አልወጣም ብለሃል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!»

«ምን በደለህ?» አለ ዘበኛው፤ እንባው ቀድሞታል። «ምን አደረገህ ያ ሰው?»

የመለሰችው ቅንጣት ናት። ነገሩ ገና አሁን ተገለጠላት። «ምክትሉ ዝና ያተረፈበት ጥናት! የሕመምተኞቹን ደም ሳያሽከረክር በረዶ ውስጥ እያሳደረ ነው የቆጠረው። ያ ሁሉ ቅንጣት የበረዶው እንጂ የበሽታው አይደለም። አጎቴ ‹የጥናት ስህተት አግኝቻለሁ፣ ነገ አሳውቃለሁ› ብሎኝ ነበር። ‹ይህን ሳላስተካክል አትሂጂብኝ› ያለኝ ለዚህ ነው።»

ምክትሉ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ትንሽ ታገሰኝ አልኩት» አለ። «ለምኜው ነበር።»

በሩ ተከፈተ፤ ፖሊሶች ይዘውት ሄዱ። መርማሪው ደፉ ላይ ቆም አለ። «ደም ይጮኻል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። በይ ልጄ፣ ነፃ ነሽ፤ ሂጂ።»

ቅንጣት ግን አልሄደችም። ቢጫውን ቱቦ ከመደርደሪያው አንስታ በሁለት መዳፏ ውስጥ ያዘችው። ያን ጊዜ እንቢ ብሏት የነበረው ለቅሶ መጣ።

«ደሙን ብርድ አላስነካሁበትም፣ አባባ» አለችው ዘበኛውን። «እንዳለኝ አድርጌ ጠብቄለታለሁ። እሱ እዚያ በር ሲቧጥጥ ግን፣ እኔ አኩርፌ፣ ደህና እደር እንኳ ሳልለው ወደ ቤቴ ሄድኩ።»